ወጥቶ አደር የት ያድራል?

አማርኛ ሰውን በአዳሩ መጥራት ይወዳል። አርሶ የሚኖረው አርሶ አደር፣ በወዙ የሚኖረው ወዛደር ይባላል። ወታደር የሚለውም ቃል ሲፈታ «ወጥቶ አደር» ነው ይሉናል። ከቤቱ ወጥቶ፣ ከዘመዱ ተለይቶ፣ በሰው አገር የሚያድር ማለት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንይዘው የቃሉን ሁለተኛ ክፍል ነው። መውጣቱንስ ወጣ፤ ያደረው ግን የት ነው? ላደረበት ቤትስ ኪራዩን የከፈለው ማን ነው?

ይህን ርእስ ይዘን ስንነሣ «የጦር ታሪክ አልቆባችሁ ነው ወይ የቤት ኪራይ የምትጽፉት?» ብለው የሣቁብን ጓደኞች አሉ። ይሣቁ። የታሪክ መጻሕፍታችን ወታደሩን የሚያውቁት በጦርነቱ ቀን ነው። ማን ከማን ጋር የት ቦታ ተዋጋ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ማረከ ይሉናል። ነገር ግን የዱሮው ወታደር በዓመት ውስጥ የሚዋጋው ጥቂት ቀን ነው፤ የሚያድረው ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ጳጉሜን ጨምሮ ነው። በየሌሊቱ ጣራ ይፈልጋል፣ እንጀራ ይፈልጋል፣ በቅሎ ያለው ደግሞ ገለባና ገብስ ይፈልጋል። መንግሥት ይህን ሁሉ በገንዘብ ካልከፈለ ሌላ የሚከፍል ሰው አለ ማለት ነው። የኛ ክርክር ይኸው ነው። በአገራችን የወታደሩ የቤት ኪራይ ሳይከፈል የቀረበት ዘመን የለም፤ የከፋዩ ስም ብቻ ነው በመዝገብ ሳይጻፍ የቀረው።

ከተሰሪ እንጀምር። ተሰሪ ማለት በባላገር ቤት እንዲያርፍ የተመደበ ወታደር ነው። በዘመነ መሳፍንት፣ ከዚያም በፊት፣ ጦር ክረምቱን የሚያሳልፈው እንዲህ ነበር። አዝመራው ደረሰ አልደረሰ አይጠየቅም። አለቃው መንደሩን ያያል፣ ጭሱን ይቆጥራል፣ ለዚህ ቤት ሁለት፣ ለዚያኛው ሦስት እያለ ያከፋፍላል። የቤቱ ጌታ መደቡን ለቆ ከጓዳ ወይም ከከብቶቹ ጋር ይተኛል። ሚስቲቱ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ትጠምቃለች። ጠላው ቀጠነ ብሎ ወታደሩ የተቆጣ እንደሆነ ለማን አቤት ይባላል? ዳኛው ራሱ የወታደሩ አለቃ ነው። እንግዳ መቀበል በባህላችን ክብር ነው፤ ጠመንጃ ይዞ የገባ እንግዳ ግን መቼ እንደሚሄድ አይጠየቅም።

ሪቻርድ ኮክ የተባለ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ ባሳተመው ጥናት፣ ገና ከአርእስቱ ላይ ሠራዊቱን ከአዳኝ አውሬ ጋር አመሳስሎታል። ስሙ ይከብዳል፤ ሐሰት ነው ለማለት ግን አንደፍርም። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። ወታደሩም እኮ የገበሬ ልጅ ነው። ተሰሪ ጎተራውን ያራቆተበት ቤት ጎረምሳው ምን ያደርጋል? ከሚበላበት ወገን ወጥቶ ከሚበላው ወገን ይገባል፤ ለአንዱ ጌታ ያድርና በሚቀጥለው ክረምት እሱ ደግሞ በሌላ ሰው መደብ ላይ ይተኛል። ሥርዓቱ ወታደርን የሚያረባው በዚህ መንገድ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ይህን ነገር ለመቁረጥ ሞክረዋል። ዛሬም የምንጠቀምባቸው የዐሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃና የሻለቃ ማዕረጎች የሳቸው የጦር አደረጃጀት ትዝታዎች ናቸው። ዐሳባቸው ወታደሩ ደመወዝ እየተቀበለ እህሉን ከገበያ ገዝቶ እንዲበላ፣ ባላገሩም በቤቱ እንዲያርፍ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነው። ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መሬቱ አብዛኛው በመኳንንቱና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ ከካህናቱ ጋር ክፉኛ የተጋጩት በዚሁ ምክንያት ነበር። ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ቀሳውስትና ለሦስት ዲያቆናት የሚበቃ መሬት ትተው ሌላው ለሚገብር ገበሬ እንዲሰጥ አዘዙ። ይህ ጠብ ለንግሥናቸው መውደቅ ምን ያህል እንዳዋጣ ሁሉም ያውቀዋል። እኛ ከዚህ የምናነሣው ግን ሌላ ነው። በአገራችን የወታደሩን ማደሪያ በገንዘብ ልክፈል ያለው መንግሥት የመሬትን ጥያቄ ሳይነካ ማለፍ አልቻለም። በመጨረሻ ደመወዙ ጠፋ፤ ጦሩም ወደ ዱሮው ልማዱ ተመለሰና ሊያድኑት የፈለጉትን ባላገር በገፍ ዘረፈው።

ዐፄ ምኒልክ ነገሩን በሌላ ዘዴ መጡበት። ከ1880 ጀምሮ ክፉ ቀን ገብቶ ከብቱ አልቆ፣ ሰውም እንደ ቅጠል ረግፎ ነበር። ተሰሪ የሚያሳድር ቤት፣ የሚፈጭ እህል የት አለ? በ1880ዎቹ አጋማሽ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ለባላገሩ አንድ ዐይነት ውል አቀረቡለት። ካመረትከው ከዐሥር አንድ፣ ዐሥራት፣ ስጠኝ፤ እኔም ወታደሩን ከቤትህ አነሣልሃለሁ የሚል ነው። የተሰበሰበው እህል በመንግሥት ጎተራ ይገባል፣ ወታደሩም ከጎተራው ቀለቡን ይሰፈርለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ የሚባለውን ሰፈር ታክሲ ተሳፍረን ስናልፍ የምናስታውሰው ይህንን ነው።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ዐሥራት ሲጀመር የአልጋ ኪራይ ነበር፤ ባላገሩ በገዛ ቤቱ ብቻውን ለመተኛት የሚከፍለው ኪራይ። ወታደሩ ግን ከሁሉም ቤት ወዲያው አልወጣም፤ ዐሥራቱ በበኩሉ አልቀረም። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ «በዐሥራት ፋንታ» ተብሎ በገንዘብ ተተመነና ቀጠለ። የተሻረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ነው። ሰባ ዐምስት ዓመት ገደማ! በዚያን ጊዜ ተሰሪ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ወጣት ስንት ነበር?

በደቡብ የተደረገው ከዚህ ይከፋል። የምኒልክ ጦር አገሩን ካቀና በኋላ በየኮረብታው ሰፈረ፤ ሰፈሩም ከተማ ተባለ። ከተማ የምንለው ቃል መነሻው የጦር ማረፊያ መሆኑን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። ጎሬ፣ ጎባ፣ ጨንቻ እንዲህ የተቆረቆሩ ናቸው። እዚያ የሰፈረው ነፍጠኛ ደመወዙን የሚቀበለው በሰው ነው። እንደ ማዕረጉ ገባር ይቆጠርለታል፤ ተራው ወታደር ጥቂት፣ አለቃው ከዚያ በላይ፣ ሹሙ ደግሞ እጅግ የበዛ ገባር ያገኛል። ገባሩ የጌታውን ቤት ይሠራል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እንጨቱን ይሸከማል፣ እርሻውን ያርሳል፤ ሚስቱ እህሉን ትፈጫለች። በሰሜኑ ተሰሪ ሲመጣ ባላገሩ ቢያንስ ቤቱ የራሱ ነበር። በደቡቡ ገባር የወታደሩን ቤት ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ አድሶ፣ በውስጡም ያገለግል ነበር። ዛሬ በሌላ አገር የወታደር የቤት አበል በማዕረግ ይለያያል ሲባል ስንሰማ አዲስ ነገር አይምሰለን። እኛም ጋ በማዕረግ ነበር፤ የሚቆጠረው ግን ብር ሳይሆን ነፍስ ነው።

ለወታደርና ለአገልጋይ በደመወዝ ፋንታ የሚሰጠው መሬት ስሙ ምን ነበር? ማደሪያ! ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል አይገኝም። መንግሥት «አዳርህን ከዚህ ፈልግ» ብሎ መሬቱን ከነሰዉ ይሰጠዋል፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ ወይም ሲሻር መሬቱ ይነሣበታል። ስለዚህ ባለማደሪያው ነገ የኔ መሆኑን በማያውቀው መሬት ላይ ዛሬ የሚችለውን ያህል ይሰበስባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከዚህ ዐይነቱ ኑሮ የተወለደ ይመስለናል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሰፋፈሯ የጦር ሰፈር ነበር። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ይመራሉ፤ ጭፍራቸው በዙሪያቸው ጎጆውን ይቀልሳል። ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የተባሉት በዚህ ነው። «ሰፈር» ራሱ የጦር ቃል ነው። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያለው ጦርም መሐል ሰፋሪ ይባል ነበር፤ በ1910 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ ይውረዱልን ብሎ ተነሥቶ ያስወረደው ይኸው ጦር ነው። ጭፍራው በጌታው ግቢ ሲኖር ኪራይ አይከፍልም፤ ነገር ግን ቦታው የጌታው ነው። በ1900 ዓ.ም. የከተማው ቦታ ርስት ሆኖ በካርታ እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ ሲፈቀድ ካርታው በማን ስም ወጣ? በጌታው። የጭፍራው ጎጆ በአንድ ትውልድ ውስጥ የኪራይ ቤት ሆነች። ከ1950ዎቹ በፊትና በኋላ ከአዲስ አበባ የግል ይዞታ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መሬት ከሁለት ሺህ በማይበልጡ ሰዎች እጅ የነበረው ከዚህ አመጣጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው በደመወዝ የሚተዳደረው ዘመናዊ ወታደር ቤት የሚከራየው አያቱ ካገለገሉት ጌታ ልጅ ነበር ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ይህ ዘመናዊ ወታደር እንግዲህ ደመወዝተኛ ነው። ነጠላው ወንደላጤ በካምፕ ያድራል። ትዳር የያዘው ግን ከካምፑ አጥር ሥር፣ በጭቃ ቤት፣ ጠላና አረቄ ከምትሸጠው ባለቤቱ ጋር ይኖራል። ደመወዙ ሲወሰን የቤቱ ኪራይ በከተማው ስንት እንደገባ ታይቶ አልነበረም። አለቃው በሌላ በኩል ከባንክ ተበድሮ ቪላ ይሠራና ለውጭ አገር ሰው ያከራያል። በአንድ ጦር ውስጥ ተራው ወታደር ተከራይ፣ ከፍተኛው መኮንን አከራይ ሆኑ ማለት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሣ ያከሸፈው ምድር ጦር፣ በዚያው ዓመት ለራሱ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ተሰጠውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ተማሩ። ወታደሩ መጠየቅን፣ መንግሥቱም እሳት ሲነሣ ብቻ መስጠትን።

በዚህ ቦታ አስመራን ማንሣት ግድ ይለናል። አስመራ በዚያን ጊዜ ሁለት ጦር ነበረባት። አንዱ የኢትዮጵያ ሁለተኛ ክፍለ ጦር ነው። ሁለተኛው አሜሪካኖች ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1969 ዓ.ም. የያዙት፣ በኮርያ በዘመተው ሻለቃችን ስም ቃኘው የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ጦር ነው። ከነቤተሰቡ የመጣው አሜሪካዊ ወታደር ብዙ ጊዜ ከጣቢያው ውጪ በከተማው ውስጥ ቤት ይከራይ ነበር፤ ለኪራዩም መንግሥቱ አበል ይሰጠዋል። የኛው ወታደር በዚያው መንገድ ሲያልፍ ይህን ያያል። በየካቲት 18 ቀን 1966 ዓ.ም. የአስመራው ጦር አምፆ ሬዲዮ ጣቢያውን ሲይዝ፣ ከዐመፁ ምክንያቶች ውስጥ የጎረቤት ኑሮ ማየትም አንዱ ነበር ብለን ብንገምት የሚወቅሰን ያለ አይመስለንም።

አሜሪካኖቹ ለዚህ አበል እንዴት ደረሱ? የሚገርመው፣ እነሱም ተሰሪን ያውቁታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1765 ባወጣችው ሕግ ቅኝ ግዛቶቹ ለጦሯ ማደሪያና ስንቅ እንዲያቀርቡ አስገደደች። በ1776 ነፃነታቸውን ሲያውጁ በንጉሡ ላይ ከዘረዘሩት ክስ አንዱ የጦር ሠራዊት ጭኖብናል የሚል ነበር። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው ሦስተኛ ማሻሻያም በሰላም ጊዜ ማንም ወታደር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በማንም ቤት እንዳያርፍ ከለከለ። ባላገሩን በዚህ ካስጣሉት በኋላ ወጪው በመንግሥት ላይ ወደቀ፤ ሰፈር ሠርቶ ማኖር ወይም አበል መክፈል ሆነ። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው አበል በየአካባቢው የቤት ኪራይ በየዓመቱ እየተጠና፣ እንደ ማዕረግና እንደ ቤተሰብ ሁኔታ የሚወሰን ነው። ኪራይ በሚከብድበት ከተማ የተመደበ ወታደር ከፍ ያለ፣ በገጠር ያለው ዝቅ ያለ ይቀበላል።

ገነት ነው አንልም። መጀመሪያ አበሉ ከኪራዩ ከዐምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይሸፍን ነበር፤ በ2005 ሙሉውን እንዲሸፍን ተደረገ፤ ከ2015 እስከ 2019 ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ 95 በመቶ ወረደ። የቤት ዋጋ ሲንር በ2023 አበሉን በአማካይ 12.1 በመቶ መጨመር ግድ ሆነባቸው። በካምፕ ውስጥ ያለውን ቤት ከ1996 ጀምሮ ለግል ኩባንያዎች አስተላልፈውት፣ በ2018 ሮይተርስ የተባለው የዜና ድርጅት ሻጋታውንና በእርሳስ የተመረዘውን ቀለም አጋልጦ ጉድ ተሰምቷል። የአበሉ መጠን ለሁሉም ስለሚታወቅም፣ በካምፑ ዙሪያ ያለ አከራይ ዋጋውን በሱ ልክ ይቆርጣል እየተባለ ይታማል። ቢሆንም አንድ ነገር እናደንቃለን። ሒሳቡ ይታያል። ኪራዩ ይኸ ነው፣ አበሉ ይኸ ነው፣ የጎደለው ይኸ ነው ተብሎ ለመከራከር ይቻላል። ገባሩ ግን ከማን ጋር ይከራከር ነበር? የተሰሪ ኪራይ በመቶኛ አይወጣም።

ወደ 1966 እንመለስ። ዐመፁ የፈነዳው በጥር ወር በነገሌ ቦረና ነው። የወታደሮቹ የውሃ ጉድጓድ መሣቢያ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ወታደሮቹ አለቆቻቸውን አሠሩ፤ ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አብልተው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ለኛ ትውልድ ይህ ታሪክ ቀልድ መስሎ ይነገራል። ቀልድ አይደለም። ሺህ ዓመት ሙሉ ባላገሩ በወታደሩ ሲገደድ የኖረው «ያለህን አቅርብ» እየተባለ ነው፤ በነገሌ ተራው ተገለበጠና ወታደሩ አለቃውን «ያለኝን ቅመስ» አለው። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ጭማሪው መጣ፣ ጭማሪው አነሰ ተባለ፣ ጥያቄው ከእንጀራ ወደ ሥልጣን ተሻገረ። ሰኔ 21 ቀን ከየክፍሉ የተወከሉት በአዲስ አበባ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ተሰበሰቡ፤ ደርግ ተባሉ።

ይህ የወታደሮች መንግሥት በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በዐዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፤ ሌላው ተወረሰ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገባ። ስለ ደርግ ክፉ መናገር ቀላል ነው፤ እኛም ልንከላከልለት አልተነሣንም። ነገር ግን በዚያች ቀን ማታ በኪራይ ቤት ያደረ የዐሥር አለቃ ሚስት ምን እንደተሰማት ሳያስቡ ስለዚህ ዐዋጅ መጻፍ ሐቀኝነት አይደለም። የአለቃው ቪላ ተወሰደ፤ የሷ ቤት ኪራይ በግማሽ ጎደለ።

ኪራዩ እንደጎደለ ግን በዚያው ደረቀ። ለዐሥርተ ዓመታት ሳይነካ ኖረ። ቀበሌው በጥቂት ብሮች የወር ገቢ ጣራ መቀየር አልቻለም፤ ተከራዩም የኔ ባልሆነ ቤት ገንዘቤን አላፈስም አለ። ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ሽንት ቤቱ ሞላ። ባንዲት ክፍል ውስጥ እናት፣ ያገባች ልጅ፣ ደባል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ታጨቁ። ርካሽ ኪራይ እንዲህ አድርጎ ራሱን አስከፈለ። ከተሰሪው ዘመን ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከፋዩ ሰው ሳይሆን ቤቱ ራሱ መሆኑ ነው፤ ቤት ደግሞ አቤት አይልም፣ ዝም ብሎ ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአካባቢው ካነሣቸው መንደሮች ብዙዎቹ እንዲህ አርጅተው የቆዩ ነበሩ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲፈርስ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ያለ ሥራ ቀረ። በካምፕ ቤት የሚኖር ቤተሰብ የኖረበት ቤት የጦሩ እንጂ የራሱ አለመሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። የዱሮው ማደሪያ ሕግ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ መሬቱ ይነሣል። በአደባባይና በቤተ ክርስቲያን ደጅ የወታደር ካፖርት ለብሰው የሚለምኑ ሰዎችን የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሳል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ገና አልበሰለም። አንዱን ቀን ግን አንዘለውም። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. 240 ገደማ የሚሆኑ ወታደሮች ከነመሣሪያቸው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ጥያቄያቸው የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ነው ተባለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አነጋገሯቸው፤ ፑሽ አፕም አብረው ሠሩ፤ አገር በቴሌቪዥን አይቶ ሣቀ። ቆይቶ ከመካከላቸው ክፉ ዓላማ የነበራቸው እንደነበሩ ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተናገሩ። በዚያ ቀን ማን ምን አስቦ እንደሄደ ለመፍረድ አንቀመጥም። የምናየው የነገሩን መልክ ነው። በ1953፣ በ1966፣ በ2011። ወታደሩ ስለ ኑሮው የሚጠይቅበት መደበኛ በር ስለሌለው ጥያቄው ሁልጊዜ በጠመንጃ ታጅቦ ይመጣል፤ በጠመንጃ ታጅቦ ስለመጣም ሁልጊዜ የሚታየው እንደ ዐመፅ ነው። ኪራዩ ስንት ነው፣ ደመወዙ ስንት ነው የሚለው ክርክር ከሥር ይቀበራል።

ዛሬ የወታደር ቤተሰብ ኪራይ ቤት ሲፈልግ እንደማንኛውም የከተማ ድኻ ደላላ ያነጋግራል። ጦር ኃይሎች፣ አራተኛ ክፍለ ጦር እያልን ታክሲ የምንሳፈርባቸው ሰፈሮች ስማቸው የወታደር ነው፤ ኪራያቸው ግን የወታደር አይደለም። ባልየው በግዳጅ ላይ ነው። ደመወዙ ከግንባሩ ርቀት ጋር አያድግም፤ ኪራዩ ግን ከኮንዶሚኒየሙ ፎቅ ጋር ያድጋል። አከራዮችም በበኩላቸው ወታደር ተከራይን ይፈራሉ ይባላል፤ ይቀየራል፣ ይዘምታል፣ ከሞተስ ማን ይከፍለኛል ብለው ነው። የሰውየውን ሞት አስቀድሞ በቤት ኪራይ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ጭካኔ ነው እንላለን፤ ሒሳቡ ስሕተት ነው ለማለት ግን አንችልም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ሁሉ አዲስ ነገር ይዟል። ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ብቻ ነው፤ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይጠየቅም። ከ1967 ወዲህ መንግሥት በግል ኪራይ ውስጥ እጁን እንዲህ ሲያስገባ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ዓመት ማለት ለወታደር ቤተሰብ ብዙ ነው። ባልየው ከጎዴ ወደ ሁመራ ቢዛወር እንኳ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይቀይሩ ይቆያሉ። ደግሞ ውሉ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል። ቤቱ የተያዘው በባልየው ስም ከሆነና እሱ በዚያ ወር በምሽግ ውስጥ ከሆነ ሚስትየዋ ውክልና ያስፈልጋታል። ውክልናው ደግሞ ከግንባር በምን በኩል እንደሚመጣ ጠይቁን፤ በፈቃድ የሚመለስ ጓደኛ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ነው።